ታሪኩን ያነበበው ማን ነበር?

ድሬ ዳዋ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሂሩት፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከዚህ ከግንቦት ሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ እንደ ድሮ ሰው በሰላምታ መጀመሬ ሳያስቅሽ አይቀርም። ልደውልልሽ ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። በድምፄ ውስጥ የምትሰሚውን ነገር ፈራሁ፤ ወረቀት ላይ ግን ያላማረኝን መሰረዝ እችላለሁ።

የተጣላንበትን ቀን እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። ልጆች አስቀድመው የኮሩበትን ቀን ቢጽፉ የተነበበላቸውን ታሪክ በደንብ ያስታውሱ እንደሆነ የሞከርኩበትን የመመረቂያ ጥናቴን ሳቀርብ ከመጨረሻው ወንበር እጅሽን አወጣሽና "ታሪኩን ለሁለቱም ቡድን ያነበበው ማን ነበር? መልሱንስ ያረመው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ነኝ አልኩ። "ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ እያወቅሽ?" አልሽ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ተማሪዎቹ በሁለት መከፈላቸውን እንኳ እንደማያውቁ፣ ስለዚህም ጥናቱ ተሳታፊው የማያውቅበት ሙከራ ተብሎ በመጽሐፍ የተፈቀደው ዓይነት መሆኑን አስረዳሁ። መምህራኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንቺም ተቀመጥሽ። በረንዳው ላይ ስንገናኝ ግን "በሰው ፊት ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?" ብዬ ጮኽኩብሽ። ከዚያ በኋላ በየፋሲካው የላክሽልኝን "እንኳን አደረሰሽ" ሁሉ ሽሙጥ አድርጌ አነበብኩት። ሁለት ቃል ብቻ ያለው መልእክት! ሽሙጡን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

አሁን ልብ የገዛሁት በቡና ነው። ባለፈው ወር ከዚራ ሰፈር ባለው ቤቴ ቡና አፍልቼ ጎረቤቶቼን ሰበሰብኩ። ባለሱቁ ጋሽ መሐመድ እንደተለመደው የሐረር ቡና ከሌላው ቡና መቶ ቢቀላቀል እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚለየው ማለ። ውርርድ ተነሣ። እኔም የድሮ ትምህርቴ ትዝ አለኝና አንዱን ጀበና በሐረር ቡና፣ ሌላውን በጅማ ቡና አፈላሁ። ጀበናዎቹን ጓዳ አስቀምጬ ሲኒውን እያወጣሁ ለእያንዳንዱ እንግዳ ሰጠሁ። ከእኔ በቀር የትኛው የየትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስድስት ሰዎች ከአቦል እስከ በረካ ቀመሱ፤ አንድ ሁለቴ ብቻ ነው የሳቱት። ጋሽ መሐመድ እንደ አሸናፊ ጦር አዛዥ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

የእህቴ ልጅ ፌቨን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ ሲኒ እያጠበች፣ "አክስቴ፣ የሐረሩን ስትሰጪ እኮ በሁለት እጅሽ ነው የምትይዢው" አለችኝ።

አላመንኳትም። በሳምንቱ እንደገና ሞከርን። በዚህኛው ፌቨን ጓዳ ሆና ቀዳች፤ እኔ ደግሞ የቱን እንደቀዳች ሳላውቅ አደልኩ። ጋሽ መሐመድ የጅማውን ቡና ሦስት ጊዜ "ይኼ ነው የእኛ!" አለ። የሐረር ቡና የራሱ ጣዕም የለውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ እዚህ አገር ውዬ አላድርም። እኔ ግን እንደ ከሰል ነው የምቆላው፤ ከእንደዚያ ያለ ቁሌት ውስጥ አገር የሚለይ ምላስ ያለ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ቀን እንግዶቼ ያነበቡት የእኔን እጅ ነበር። ማንበባቸውን እነርሱም አላወቁም፤ እኔም መናገሬን አላወቅሁም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝና የበርሊኑን ፈረስ አስታወስኩ። ሃንስን ታስታውሺዋለሽ። ጌታው ፎን ኦስተን ጡረታ የወጣ መምህር ነበር፤ ፈረሱን መደመርና መቀነስ አስተማረው፣ ፈረሱም መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 አንድ ኮሚሽን መርምሮ ማጭበርበር እንደሌለበት መሰከረ። ከዚያ ኦስካር ፉንግስት የሚባል ወጣት መጣና በጣም ቀላል ነገር አደረገ፦ መልሱን የማያውቅ ሰው ፈረሱን እንዲጠይቀው አደረገ። ፈረሱ ግራ ገባው። ጠያቂው ሲያውቅ ግን፣ ቆጠራው ከመልሱ ሲደርስ ከጎነበሰበት ሳይታወቀው ጭንቅላቱን እጅግ በጥቂቱ ቀና ያደርግ ነበር፤ ፈረሱም ያንን አይቶ ኮቴውን ያቆማል። እኔን ያስደነቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፉንግስት ምሥጢሩን ራሱ ካገኘው በኋላ እንኳ በፈረሱ ፊት ሲቆም የራሱን ጭንቅላት ማገድ አልቻለም። አውቆም አላመለጠም!

ፎን ኦስተን ደግሞ አጭበርባሪ አልነበረም፤ ፈረሱን ለሕዝብ ሲያሳይ ገንዘብ እንኳ አይቀበልም ነበር። በበረንዳው ላይ ስጮኽብሽ ያልገባኝ ይህ ነው። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ጭንቅላቴ እንቅስቃሴ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን ስለ ሃቀኝነቴ ነው።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር ሄድኩ። ማታ ከጀጎል በር ውጭ ጅብ የሚያበላውን ሰው ከቱሪስቶች ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት። ጅቦቹን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ የተጠራው ይመጣል። ድሮ ቢሆን አፌን ከፍቼ እገረም ነበር። አሁን ግን ዓይኔ ከጅቡ ይልቅ ከሰውየው ትከሻ ላይ ተተከለ፦ ስሙን ሲጠራ ወደ የትኛው ጅብ ዞሯል? ሥጋውን የያዘው እጅ ወዴት ነው? ከአጠገቤ የነበረች ሴት "ምን ሆነሽ ነው ጅቡን የማታዪው?" አለችኝ። ጅቦቹ ስማቸውን ያውቁ እንደሆነ አልፈረድኩም። ለመፍረድ የጅቦቹን መልክ የማይለይ ሰው በጨለማ ስሙን መጥራት አለበት፤ እኔ ደግሞ ያንን ለመሞከር ድፍረቱ የለኝም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በክፍል ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪውን ሮበርት ሮዘንታልን ስንማር የአይጦቹን ነገር ብቻ ነበር የያዝነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ከከርሚት ፎድ ጋር ባወጡት ጥናት ለ12 ተማሪዎች አምስት አምስት አይጥ ሰጡ። ለግማሾቹ "አይጦቻችሁ መንገድ በማግኘት ብልህ ከሆኑት ዘር ናቸው"፣ ለቀሩት "ደደብ ከሆኑት ናቸው" አሏቸው። አይጦቹ እንዲያው በዕጣ የተከፋፈሉ፣ ልዩነት የሌላቸው ነበሩ። ሆኖም "ብልሆቹ" በልጠው ተገኙ። ተማሪዎቹ ሲጠየቁ የ"ብልሆቹን" አይጦች ደስ የሚሉ ናቸው አሉ፤ ሲይዟቸውም በለስላሳ እጅ ነበር። እጅ! በሁለት እጅ የተያዘውን ሲኒዬን አስቢው።

እኛ ግን ሮዘንታል እዚህ ሐሳብ ላይ እንዴት እንደደረሰ ልብ አላልንም። እ.ኤ.አ. በ1956 የዶክትሬት ጽሑፉን ሲሠራ ብዙ ሰው የማያደርገውን ስሌት ሠራ፦ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት የተወሰዱትን ውጤቶች አወዳደረ። ቡድኖቹ ገና ምንም ሳይደረግባቸው፣ እርሱ በሚፈልገው መንገድ ተለያይተው አገኛቸው። ጥፋተኛው ከእርሱ በቀር ማን ሊሆን ይችላል? ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ወረቀት በመሳቢያ ይከተው ነበር። እኔ እከተው ነበር፤ ከትቼዋለሁም። እርሱ ግን የዕድሜ ልክ ሥራውን ጀመረበት።

አስተማሪ ስለሆንኩ እ.ኤ.አ. የ1968ቱን የእርሱንና የሌኖር ጃኮብሰንን ጥናት በየመስከረሙ አስታውሰዋለሁ፤ በዕጣ የወጡ ልጆችን ስም ለመምህራን ሰጥተው "እነዚህ ዘንድሮ ይጎመራሉ" ያሉበትን። በትንንሾቹ ክፍሎች የተሰየሙት ልጆች በፈተና ሻል ብለው ተገኙ፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔም ብሆን የአይጦቹን ያህል አላምነውም። ቢሆንም የአዲስ ክፍል ስም ዝርዝር ሲሰጠኝ ያለፈውን ዓመት ውጤት አላይም።

ደግሞ ተሳታፊው አያውቅም የምንለው ነገር ራሱ ምን ያህል ያስተማምናል? ማርቲን ኦርን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሚያውቃቸውን ሰዎች ለውለታ አምስት ጊዜ ፑሽ አፕ እንዲሠሩለት ሲለምናቸው "ለምን?" አሉት። በሙከራ ላይ እንዲሳተፉ አስፈቅዶ ያንኑ ሲጠይቃቸው ግን "የት?" አሉት። (እዚህ ድሬ ቢሆን "በዚህ ሙቀት?" ነበር የሚሉት።) ሰው ሙከራ ውስጥ ሲገባ ጥሩ ተሳታፊ ለመሆን ይጥራል፤ ከእርሱ የሚፈለገውን ከፊትሽ፣ ከድምፅሽ፣ ከአተነፋፈስሽ ይለቅማል። እንዲህ ካለ ለቃሚ ፊት ሁሉን የሚያውቅ መርማሪ ማቆም፣ መልሱን ከነጥያቄው እንደ ማደል ነው። ድምፅሽን ልትቀይሪው ብትሞክሪ የባሰ ነው፤ ፉንግስትም አልሆነለትም። የሚሻለው አለማወቅ ነው፦ ታሪኩን አስቀድሞ መቅረጽ፣ ዕጣውን ሌላ ሰው እንዲያወጣ ማድረግ፣ ወረቀቱን በቁጥር መለየት። የማይሆንበት ቦታም አለ። የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ የትኛውን ምክር እየሰጠ እንደሆነ ሳያውቅ ሊሰጥ አይችልም፤ እንዲህ ሲሆን ቢያንስ ውጤቱን የሚለካው ሰው እንዳያውቅ ይደረጋል። እኔ ከእነዚህ አንዱንም አላደረግሁም። ሁሉንም ማድረግ ግን እችል ነበር።

ስለዚህ ከአልጋ ሥር ያለውን ሣጥን አወጣሁ። ስልሳ አራቱም ወረቀቶች አሉ። ግማሾቹ ልጆች አስቀድመው የኮሩበትን ቀን የጻፉ፣ ግማሾቹ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ የጻፉ፤ ከዚያ ሁሉም ግመሉ መንገድ ላይ ስለጠፋበት ነጋዴ ያነበብኩላቸውን ታሪክ የሚያስታውሱትን ያህል የጻፉበት ነው። አንዷ ከ"ኩሩዎቹ" ቡድን "ነጋዴው ግመሉን አጣ" ብላለች፤ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ። አንዱ ከ"መንገደኞቹ" "ግመሉ ጠፋበት" ብሏል፤ ግማሽ ነጥብ ሰጥቼ በቀይ ቀለም "አልተብራራም" ብዬ ጽፌበታለሁ። ሂሩት፣ "አልተብራራም" ነው ያልኩት! እንዲህ ያለ እስካሁን አሥራ አንድ ቦታ አግኝቻለሁ፤ አሥሩ ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ ናቸው። አንዱንም እያወቅሁ አላደረግሁትም። ለኩሩዎቹ ስሳሳ፣ ለሌሎቹ ስነፍግ የነበረው እጄ ነው። ታሪኩን ሳነብላቸው ድምፄ ምን ያደርግ እንደነበር ደግሞ እግዚአብሔር ይወቅ፤ እርሱ በወረቀት ላይ አልቀረም።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ብዬ ጀምሬ ነበር። ይቅርታዬ ግን ከደብዳቤው ጋር የታሸገው ጥቅል ነው። ፌቨን ስልሳ አራቱንም መልሶች ከነስሕተታቸው በንጹሕ ወረቀት ገልብጣቸዋለች። ቀይ ቀለሜ የለበትም፤ ቡድንም የለበትም፤ ከላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ እርሱም የተደበላለቀ። የታሪኩን ጽሑፍና የነጥብ አሰጣጡን አብሬ አድርጌዋለሁ። እባክሽን እረሚልኝ። አንቺም ብትሆኚ የምትጠብቂው ነገር እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ልክ ነበርሽና አሁንም ልክ መሆን ብትፈልጊ አልፈርድብሽም። ስለዚህ ነው ላንቺም ያልነገርኩሽ።

የትኛው ቁጥር የየትኛው ቡድን እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ጋሽ መሐመድ ሱቅ ውስጥ፣ ከስኳሩ ጀርባ ተቀምጧል። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የሐረር ቡና ጉዳይ ነው አልኩት። አርመሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ስልኩን አነሣለሁ፤ ፖስታውንም አንቺ መስመር ላይ ሆነሽ እከፍተዋለሁ።

እህትሽ
ሰላማዊት