የጣና ዳር ሙዚቃ ከመድረክ አልተጀመረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ባሕር ዳር የአደባባይ ሙዚቃ ሲወራ ነገሩ ሁሉ ከመድረክና ከድምፅ ማጉያ መጀመሩ ያናድደኛል። ጥር 11 ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ የወጣቱ ሆታና እስክስታ ከተማውን ሲያናውጠው ያ ምን ሊባል ነው? ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ሕዝቡ ግን መዝጋቢ ሳይጠብቅ ሲዘፍን ኖሯል። አዝማሪውም እንዲሁ፤ ከፈረስ ጭራ በተሠራች አንዲት ክር ጌታውንም ድሃውንም ሲያሞግስ፣ ሲሸነቁጥም ኖሯል። ዛሬ ከጄኔሬተር አጠገብ ቢያቆሙት ማን ይሰማዋል? (ድምፁን ለማድረስ የሐይቁ ነፋስ ብቻውን ይበቃው ነበር።) የዓመቱን ኮንሰርት የምታሰናዱ ሰዎች፣ አንዱን ምሽት ያለ ማጉያ ለማሲንቆና ለዋሽንት ልቀቁላቸው። ጋዜጣችሁም የአረጋውያኑን አዝማሪዎች ትዝታ በሕይወት ሳሉ ያትምልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር