ቅዳሜ እደውላለሁ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። እዚህ ጣራ ላይ መወርወር ስለማይቻል በሶፍት ጠቅልላ ለእርስዎ ቤት ጣራ አስቀምጣዋለች። ትልቁ በቁመት በልጦኛል።

የደም ምርመራውን ወረቀት አየሁት። እህቴ ናት በቴሌግራም የላከችልኝ፤ እንዳይቆጧት። እኔን "ትንሽ ደም አንሶኝ ነው" ብለውኝ ነበር። ደም ማነስ አይደለም አባባ፤ ሄሞግሎቢንዎ ደህና ነው። ያነሰው ሊምፎሳይት ነው። ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው፣ በተለይ ቫይረስን የሚዋጋው። ወረቀቱ 12 በመቶ ይላል። በመቶኛው ብቻ ግን አይፈረድም፤ ሌሎቹ ሴሎች ሲበዙ እሱ ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ጠቅላላው ነጭ የደም ሴል 6,200፣ የዚያ 12 በመቶ 744። ለአዋቂ ሰው ከ1,000 በታች ሲሆን አንሷል ይባላል።

ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ጉንፋን እንኳ ለጊዜው ያወርደዋል። ለአስምዎ የሚውጡት ፕሬድኒሶሎንም እንደዚሁ። ሐኪሙ ይህን መድኃኒት እንደሚወስዱ ያውቃል? በራስዎ ግን እንዳያቆሙት፤ በድንገት ሲቆም አደገኛ ነው። ምርመራው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገም። የቲቢና የኤች አይ ቪ ምርመራ ቢያዙልዎት "በዚህ ዕድሜዬ!" እንዳይሉ፤ ለማንም የሚታዘዝ ነው። አንገትዎ ወይም ብብትዎ ላይ እብጠት አለ? ሌሊት ያልብዎታል? ሱሪዎ ሰፍቶዎታል? ለምን እንደምጠይቅ አይጠይቁኝ። ብቻ ይመልሱልኝ።

እማዬ ስትታመም "ብርድ መቷት ነው" አላችሁኝ። በደወልኩ ቁጥር "ተኝታለች"። ከዚያ አንድ እሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳይ ገባኝ። እንዳልደነግጥ ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ። ድንጋጤው ግን አልቀረልኝም፤ የቀረብኝ እሷን ማየቱ ነው። ይህን በአፌ ተናግሬው አላውቅም። ወረቀቱን ሳይ ሁሉም ተመለሰብኝ።

ነርስ እንድሆን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ለምን አይጠቀሙብኝም?

ብር በእህቴ በኩል ልኬያለሁ። ለምርመራው ነው፤ ለአጥሩ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ስልኩን እርስዎ ራስዎ ያንሱት።

ልጅዎ