ከመስመሩ ውጭ ያሉትም ተፈናቃዮች ናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የጃፓኗ ፉኩሺማ ግዛት በዜና ስትነሳ ወሬው ሁሉ በአደጋ ከተጎዳው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወደ ባሕር ስለሚለቀቀው የተጣራ ውሃ ሆኗል። መነጋገሪያ መሆኑ ተገቢ ነው። በማርች 2011 የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ማመንጫውን ጎድተውት ጨረር ሲያፈስ ቤታቸውን ዘግተው የወጡት ቤተሰቦች ግን ተረስተዋል። በአንድ ወቅት ቁጥራቸው ከ160 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከ20 ሺህ የሚበልጡት ዛሬም እንደወጡ ናቸው።

ቅሬታዬ እርዳታው ሰውን ትቶ ካርታን በመከተሉ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል ማመንጫው ዙሪያ 20 ኪሎ ሜትር ተለካና በዚያ ውስጥ ያለ ሁሉ ይውጣ ተባለ። ነፋሱ ግን ጨረሩን ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዞ ሄዶ ከዚያ ክልል ውጭ ባለችው ኢታቴ መንደር ላይ ጣለው። የኢታቴ ሰዎች ከባሕሩ ዳርቻ የሸሹትን ተቀብለው ሲያስተናግዱ ሰንብተዋል። ለእነሱ የመውጣት ትእዛዝ የደረሳቸው ከወር በላይ ቆይቶ፣ ኤፕሪል 22 ቀን ነው።

ትእዛዙ ጭራሹን ያልደረሳቸውም አሉ። ከኮሪያማ፣ ከኢዋኪና ከፉኩሺማ ከተማ ልጆቻቸውን ይዘው የወጡ እናቶች ብዙ ናቸው። አባትየው ሥራውን ላለማጣት እዚያው ይቀራል፤ ቤተሰቡ በአንድ ደመወዝ ሁለት ቤት ያስተዳድራል። እነዚህን «በራሳቸው ፈቃድ የወጡ» አሏቸው። ልጁ የሚጫወትበት አፈር ያስፈራው ወላጅ ምን ዓይነት ፈቃድ እንዳለው ግን አልገባኝም። ከትእዛዙ ክልል የወጣ ሰው ለደረሰበት የመንፈስ ጉዳት በወር 100 ሺህ የን ሲታሰብለት፣ ከክልሉ ውጭ ላለ አዋቂ መጀመሪያ የተወሰነለት አንድ ጊዜ 80 ሺህ የን ነበር። ነፃ መኖሪያ ቤታቸውም በማርች 2017 ተቋረጠ።

ክፍተቱን እንደምንም የሸፈነው ሕዝቡ ነው። በኢዋኪ ከተማ እናቶች ተሰባስበው በኖቬምበር 2011 ታራቺኔ የተባለ የጨረር መለኪያ ቤተ ሙከራ ከፈቱ። ሳይንቲስቶች አልነበሩም፤ መለካቱን እየሠሩ ተማሩት። ሰው የጓሮ አትክልቱን፣ ሩዙን፣ ከቤት መጥረጊያ ማሽኑ ከረጢት ያወጣውን አቧራ ሳይቀር ይዞ ይመጣል፤ ውጤቱ በቁጥር ይነገረዋል። «ደህና ነው፣ አትጨነቁ» ከሚል መግለጫ ይልቅ እናትን እንቅልፍ የሚያስተኛት ይህ ይመስለኛል።

ሌላው የሚያስፈልገው ደግሞ የተፈናቃዮችን በር እያንኳኩ እንዴት ናችሁ ማለት ነው። በፉኩሺማ ከአደጋው በኋላ በመንከራተት፣ ሕክምና በመቋረጡና በጭንቀት ሳቢያ እንደሞቱ በይፋ የተመዘገቡት ከ2,300 በላይ ናቸው፤ የመሬት መንቀጥቀጡና ሱናሚው በቀጥታ ከገደሏቸው ይበልጣሉ። ከ1995ቱ የኮቤ መንቀጥቀጥ በኋላ ጊዜያዊ ቤት በዕጣ ሲታደል ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ፣ አረጋውያን ብቻቸውን ሞተው ከቀናት በኋላ መገኘታቸውን ጃፓኖች ራሳቸው አይረሱትም። ከኃይል ማመንጫው አጠገብ ያለችው የፉታባ ከተማ ሰዎች ከማዘጋጃ ቤታቸው ጋር በቶኪዮ አጠገብ ወዳለችው ሳይታማ ግዛት ተሰደው፣ ካዞ ከተማ ውስጥ በተዘጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጠለሉ በየክፍሉ ምንጣፍ አንጥፈው ተኙ። ጥበቱ የሚያማርር ነበር፤ ቢሆንም ማን እንደታመመ፣ ማን ምግብ እንደተወ ይታወቅ ነበር። በየከተማው የኪራይ ቤት ተሰጥቷቸው የተበተኑትን ግን ማን ያውቃቸዋል?

የሚያውቋቸውም ሁሉ ደግ አልሆኑም። ወደ ዮኮሃማ የሸሸ አንድ ልጅ በትምህርት ቤት «ጀርም» እየተባለ ሲሰደብ፣ «ካሳ ተቀብላችኋል» ተብሎም ገንዘብ ሲያስከፍሉት መኖሩ በ2016 ይፋ ወጥቷል። ገንዘቡ ለማን እንደተሰጠና ለማን እንዳልተሰጠ ጎረቤት በቅጡ ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ ያ ሐሜት ከአዋቂዎች ወደ ልጆች ባልወረደ ነበር። ይህን ማስረዳት ደግሞ የእናንተ የጋዜጠኞች ሥራ ነው።

እንዲህ ዓይነት አደጋ የትም ቢደርስ የቤት ኪራይ ድጋፉ በቤተሰቡ ችግር እንጂ በመስመር ወይም በቀን መቁረጫ ሊወሰን አይገባም ባይ ነኝ። በየቤቱ እየዞሩ የሚጠይቁ ሠራተኞችም ከመንደሩ ሰዎች መካከል ተመርጠው ደመወዝ ይከፈላቸው፤ በጎ ፈቃደኛ ይደክማል፣ ይሄዳል። ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፉታባ በኦገስት 2022 በከፊል ስትከፈት ዜናው የተሠራው በመከፈቷ ነበር። ቀጣዩ የማርች 11 መታሰቢያ ሲደርስ ዘጋቢያችሁ ያልተመለሱትን ፈልጎ ያነጋግር፤ በተለይም የኪራይ ድጋፉ በ2017 የተቋረጠባቸውን፣ ከዚያ በኋላ ማን በራቸውን እንዳንኳኳ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ