ለልጄ፦ ስለ ቁመትህም ስለ ስኳርህም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለፈው በስልክ «እግሬን ላስረዝም አስቤያለሁ» ስትለኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። ስለ ጉዳዩ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሳነብ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅ ሰነበትኩ። አሁን የማስበውን ልንገርህ፣ ረጋ ብለህ አንብበው።

«ቁመትህ ምን ሆነና ነው?» አልልህም። ልጅ ሆነህ «አጭሩ» ብለው ሲጠሩህ ፊትህ እንዴት ይለዋወጥ እንደነበር አይቻለሁ። ፎቶ ስትነሳ ሁልጊዜ ደረጃ ወይም ከፍ ያለ ቦታ እንደምትፈልግም አውቃለሁ። የሚሰማህን ማንም ሊያጣጥልብህ አይገባም፣ እኔም ጭምር። እኔን ያሳሰበኝ ስኳርህ ነው።

እግር የማስረዘሚያውን ዘዴ ያዳበረው ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የሚባል የሶቪየት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ሳይቤሪያ ውስጥ ኩርጋን በምትባል ከተማ። ያኔ የታሰበው አጥንታቸው ተሰብሮ አልገጥም ላላቸውና አንድ እግራቸው ላጠረባቸው ሰዎች ነበር። አጥንቱ ይቆረጥና ጥቂት ቀን ይጠበቃል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች በተገጠመላቸው ብረት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲራራቁ ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ በአንዴ ሳይሆን በአራት ተከፍሎ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር እየሆነ። በክፍተቱ ውስጥ አዲስ አጥንት ይበቅላል። 5 ሴንቲ ሜትር ለማግኘት መሳቡ ብቻ 50 ቀን ገደማ ይወስዳል። የበቀለው አጥንት ጠንክሮ ክብደትህን እስኪሸከም ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። ጡንቻውና ጅማቱ አብረው ስለሚሳቡ በየቀኑ ፊዚዮቴራፒ አለ፤ እሱም ቀላል አይደለም።

አየህ ልጄ፣ ሐኪሙ ቆርጦ ብረቱን ያስገባል እንጂ አጥንቱን የሚሠራው ያንተው ሰውነት ነው። ስኳር ደግሞ የሚያዳክመው ይህንኑ ሥራ ነው። ከፍ ብሎ ሲቆይ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይጎዳል። ጀርም የሚዋጉትን ነጭ የደም ሴሎች ያደክማል። ስኳር ያለበት ሰው አጥንቱ ሲሰበር ለመግጠም እንደሚዘገይ፣ ጭራሽ ሳይገጥም የመቅረቱም ዕድል ከሌላው ሰው እንደሚበልጥ የታወቀ ነው።

ያ አዲስ ጫማ ተረከዝህን የላጠህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሌላው ልጅ በሳምንት የሚረሳው ቁስል አንተን ስንት ጊዜ አመላለሰህ። ጠዋት ካልሲህን ስታወልቅ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ይመጣ ነበር። ያ እንግዲህ ቆዳ ብቻ ነው። ብረቱ ከውጭ በሚታሰርበት ዘዴ ግን ቆዳህን በስተው አጥንት ድረስ የሚገቡ ሽቦዎችና ብሎኖች ለወራት እዚያው ይቆያሉ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለኢንፌክሽን ክፍት በር ነው። ጤነኛው ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው በዚሁ ነው። ብረቱ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ከውጭ በማግኔት የሚሳብበት አዲስ ዘዴ መኖሩን አንብቤያለሁ። በዚህ በኩል ይሻላል። አጥንት ማብቀሉ ግን ያው ያንተ ሥራ ነው፤ ከውስጥ ኢንፌክሽን ከያዘም ማከሙ ከባድ ነው።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የነርቭ ነገር ነው። እግር ሲሳብ ነርቭም ይሳባል። ሲበዛበት መደንዘዝ፣ መጠዝጠዝ፣ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት ማቃት ይመጣል። ሐኪሙ መሳቡን የሚያዘገየው ወይም የሚያቆመው ያንን ሰምቶ ነው። ስኳርም የእግርን ነርቭ ቀስ እያለ ያደነዝዛል። ታዲያ ነርቭህ ቀድሞ ከደነዘዘ ማስጠንቀቂያውን በምን ታውቀዋለህ? የሚጠዘጥዝህ ከመሳቡ ይሁን ከስኳሩ ማን ይለየዋል? አምና «አንዳንዴ ማታ ማታ እግሬን ያቃጥለኛል» ብለኸኝ ነበር። እሱን ለሐኪምህ ነግረኸዋል?

የየቀኑንም አስብ። ኦፕራሲዮን ራሱ ሰውነትን ስለሚያስጨንቅ ስኳር ይጨምራል። እንደ ልብህ ስለማትንቀሳቀስ የለመድከው የኢንሱሊን መጠን አይሠራም። ጠንካራው ማስታገሻ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ያቅለሸልሻል። ኢንሱሊን ተወግተህ መብላት ቢያቅትህ ስኳርህ ይወርዳል፤ በክራንች ቆመህ ቢያዞርህስ? ባልበላህበት ቀን ረጅሙን፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ኢንሱሊን ብትተው ደግሞ ኬቶን፣ ማለት ደምን የሚመርዘው አሲድ፣ ይመጣል። ይህን ከልጅነትህ ጀምሮ አብረን ተምረነዋል፤ ለኦፕራሲዮን ስትጾምም ያው ነው።

እግርህ ተሰብሮ ቢሆን ምርጫ አይኖረንም ነበር። ይሄ ግን የሚጠብቅ ነገር ነው። ስለዚህ «ተወው» ሳይሆን «አሁን አይሆንም» ነው የምልህ። የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ፣ ኤ ዋን ሲውን፣ ብዙ የአጥንት ሐኪሞች እንዲህ ላለው አስገዳጅ ላልሆነ ኦፕራሲዮን ከ7.5 ወይም ከ8 በመቶ በታች ካልሆነ አይቀበሉትም። እኔ ግን አንዴ ጥሩ ስለመጣ አይበቃኝም። ዓመቱን ሙሉ ሳይዋዥቅ ልየው። ሲጋራውንም ተው፤ እንደምታጨስ አውቃለሁ። ስኳሩ እንኳ ባይኖር አጥንት እንዳይገጥም የሚያደርገው አንዱ እሱ ነው።

ሐኪም ስታነጋግርም በደንብ ጠይቅ። ስኳር ያለበት ሰው ሠርተህ ታውቃለህ? አጥንቱ ባይገጥም ምን ታደርጋለህ? በነዚያ ወራት ስኳሬን የሚከታተለው ማን ነው? ሌሊት ቁስሉ መግል ቢይዝ ማን ስልክ ያነሳልኛል? ኤ ዋን ሲህን እንኳ ሳይጠይቅህ «ምንም ችግር የለውም» የሚልህ ከሆነ፣ ስለ እግዜር ብለህ ተነስተህ ውጣ።

ይህን ሁሉ አሟልተህ፣ የስኳር ሐኪምህም የአጥንት ሐኪሙም ተነጋግረው ከተስማሙ አልከለክልህም። መጥቼ አስታምምሃለሁ። አሁን ግን መጀመሪያ የእግርህን ነርቭ አስመርምር፤ በቀጭን ክር መርገጫህን እየነኩ የሚያዩት ቀላል ምርመራ ነው። ኩላሊትህንም አብረው ይዩልህ፣ አንዳንዶቹ ማስታገሻዎች ስለሚነኩት። ውጤቱ እንደደረሰህ ደውልልኝ።

እናትህ