ከጨዋታው በፊት ስለ ሕጉ፦ ለአዲስ ተጫዋቾች

ውድ አባላት፣

ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስን (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በምናባዊ ታሪክ ውስጥ የሚሳተፍበትን የጠረጴዛ ጨዋታ) ከመጀመራችን በፊት የሕጉን መጽሐፍ በሙሉ ማንበብ አለብን ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፦ የለባችሁም።

መሠረቱ አንድ ነው። ባለ 20 ፊት ዳይስ ትጥላላችሁ፣ ከገጸ ባሕርያችሁ ችሎታ (ለምሳሌ ከጥንካሬው) የሚመጣውን ጭማሪ ትደምራላችሁ፤ ድምሩ የጨዋታው መሪ (ታሪኩን የሚተርከውና የሚዳኘው ሰው) የወሰነውን ቁጥር ከደረሰ ወይም ካለፈ ተሳክቶላችኋል። ጭማሪው የሚገኘው ከችሎታው ነጥብ 10 ቀንሶ ለሁለት በማካፈል ነው፤ ግማሽ ከመጣ ወደ ታች ይጠጋጋል። ጥንካሬው 16 የሆነ ተዋጊ ጭማሪው 3 ነውና 15 የሚጠይቅ በር ለመስበር ዳይሱ 12 ካወጣለት ይበቃዋል። ሁኔታው የሚያግዛችሁ ሲሆን ዳይሱን ሁለቴ ጥላችሁ ትልቁን ትወስዳላችሁ፤ ሲከፋባችሁ ደግሞ ትንሹን።

በውጊያ ተራችሁ ሲደርስ ትንቀሳቀሳላችሁ፣ አንድ ድርጊትም ትፈጽማላችሁ። ሌላውን እየተጫወትን እንለምደዋለን።

አስማተኛ መሆን የምትፈልጉ ግን የመረጣችኋቸውን አስማቶች አንብባችሁ ኑ። ተራ ደርሶ ገጽ ማገላበጥ ጠረጴዛውን በሙሉ ያስተኛል! እንደኔ እንደኔ፣ ለጀማሪ የሚሻለው ተዋጊ መሆን ነው።

የገጸ ባሕርያችሁ ወረቀት በእርሳስ ይሞላ፤ የሕይወት ነጥብ (ገጸ ባሕርያችሁ ምን ያህል ጉዳት መቋቋም እንደሚችል የሚያሳየው ቁጥር) በየተራው ይለዋወጣል።