ሴራሚኩ ሳይለጠፍ

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ሦስት ዓመት አለፈው አይደል? ምክንያት ልደርድር ብዬ ሁለት ጊዜ ጀመርኩና ቀደድኩት። ስልክህ ነበረኝ፣ አልደወልኩም። በቃ፣ ስንገናኝ ትሰድበኛለህ።

ዛሬ ያጻፈችኝ እህትህ ናት። ማክሰኞ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። አንተ እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነህ የእናትህን፣ የማዘርን፣ መታጠቢያ ቤት እያሳደስክ እንደሆነ ነገረችኝ። የድሮው ሴራሚክ ተነቅሏል፣ ግድግዳው ተቆፍሮ የኤሌክትሪክ ቱቦው ገብቷል፣ ሰኞ አዲሱ ይለጠፋል አለችኝ። «ጎሽ፣ ደግ አደረገ» ብያት ታክሲዬ ውስጥ ገባሁ። ቦሌ ሳልደርስ ግን ሆዴን ባር ባር አለው።

ለምን መሰለህ? አምና እኔም የኮንዶሚኒየሜን መታጠቢያ ቤት አሳድሼ ነበር። ለፋሲካ ካልደረሰ ብዬ ሠራተኛውን ሁሉ አጣደፍኩ። ሲያልቅ ዓይን የሚገባ ሥራ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እጅህን እዚያ ታጠብ» እያልኩ በሰበብ አስጎበኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ትንሿ ልጄ ከዚያው ወጣችና «አባዬ፣ ውሃው ነከሰኝ» አለችኝ።

«ቀዝቅዞሽ ነው» አልኳት።

ይህች መልሴ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። በማግስቱ በባዶ እግሬ እርጥብ ወለል ላይ ቆሜ ቧንቧውን ስነካ እስከ ክርኔ ነዘረኝ። የሠራውን ልጅ ጠራሁት። በቴስተር ነካ ነካ አደረገና «ሰላም ነው፣ የመብራት ኃይሉ መወዛወዝ ነው» ብሎ ሄደ። ወዲያው ብሬከሩን አወረድኩና ጎረቤቴ አንድ ሸምገል ያሉ ኤሌክትሪሽያን አመጣልኝ።

እሳቸው መጀመሪያ ብሬከሩን መልሰው አነሱና በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ የቦይለሩን ሶኬት ለኩ። ከፌዝ (ኤሌክትሪኩ ከሚመጣበት ሽቦ) እስከ ኒውትራል (እስከሚመለስበት ሽቦ) 220 ቮልት። ከፌዝ እስከ ኧርዝም (ወደ መሬት እስከሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) 220። ከኒውትራል እስከ ኧርዝ ዜሮ። በወረቀት ላይ ሙሉ ማርክ ነው። እኔም ተነፈስኩ። እሳቸው ግን «ቆይ፣ ቁጥር አልወድም» ብለው ብሬከሩን ዘጉና ክዳኑን ፈቱት። ከኒውትራሉ ወደ ኧርዙ ቦታ የጣት ርዝመት ያላት ሽቦ ተዘርግታለች። እውነተኛው ኧርዝ፣ አረንጓዴ በቢጫው ሽቦ፣ ተቆርጦ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ ከኋላ ተጎዝጉዟል።

«ይሄ የተሠራው ለመለኪያው ነው፣ ለሰው አይደለም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኧርዙ በትክክል ወደ መሬት ከሄደ፣ ቦይለሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ በሱ በኩል ይወርዳል። ከኒውትራሉ ጋር እንዲህ ካቆላለፍከው ግን ኒውትራሉ አንድ ቦታ ሲላላ የቦይለሩ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል። የኔም ኒውትራል ስካቶላው፣ ሽቦ የሚቀጠልበት ሳጥን፣ ውስጥ ተጠምዝዞ ብቻ የተተወ ነበር። ውሃው ደግሞ ያንን ይዞ ወደ ልጄ እጅ።

«አርሲዲ፣ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ራሱ የሚያጠፋው መሣሪያ፣ አለኝ፤ ቲ የምትለዋን ቁልፍ ስጫናት ይወርዳል» ብዬ ተከራከርኳቸው። ሳቁብኝ። ያቺ ቁልፍ መሣሪያው ራሱ መሥራቱን ነው የምትነግርህ። ኧርዝ የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ ባይኖርም ይወርዳል። እንዲያም ሆኖ አርሲዲው ይኑር፣ 30 ሚሊአምፔር የሚል የተጻፈበት። ተራው ብሬከር ሽቦውን እንጂ ሰውን አይጠብቅም። 16 አምፔሩ ብሬከር ሰው ከሚገድለው በብዙ እጥፍ የበለጠ ኤሌክትሪክ አሳልፎም ዝም ይላል።

አሁን ወደ ማዘር ቤት ልምጣ። ሠራተኛው በቀጥታ ሻወሩ ላይ የሚገጠመውን ማሞቂያ አስገባለሁ ካለህ እንቢ በል። 5500 ዋት ከሆነ 25 አምፔር ይስባል። አብዛኛው ሰው ግን 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ ላይ ነው የሚቀጥለው። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር ሽቦውን አይቀይሩልህም፣ ብሬከሩን ያሳድጉታል። ከዚያ በኋላ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ለአንድ ሰው 1500 ዋቱ ቦይለር ይበቃል፣ 7 አምፔር ገደማ ነው። ማጥፊያውም ከበሩ ውጭ ይሁን፣ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቆርጠው ዓይነት።

ሶኬቱን ለፀጉር ማድረቂያ ብለው ሻወሩ አጠገብ አድርገውት እንደሆነ እህትህን ጠይቃት። እኛ አገር ሻወሩ ገንዳ የለውም፣ ወለሉ በሙሉ ይረጥባል። ዓለም አቀፉ ደንብ እንዲህ ባለው ቤት ከሻወሩ ውሃ መውጫ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ራቅ ይላል። አምፖሉም የውሃ ፍንጣሪ የማያስገባ፣ አይፒ 44 የሚል ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር። ማዘር ጉልበታቸውን እያመማቸው እንደሆነ ሰምቻለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ የእጅ መደገፊያ ብረት ይገጠምላቸዋል፣ ግድግዳው ይበሳል ማለት ነው። ቱቦው ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ ካልሄደ፣ በሰያፍ ካቋረጠ፣ የሚበሳው ሰው በጭፍን ሽቦ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ግድግዳው ሳይዘጋ ሜትሩን ዘርግተው ፎቶ ያንሱልህ። እኔ ይህን አላደረግኩም። ስድስት ሴራሚክ ሰብሬ ነው ሽቦውን ያገኘሁት። አሁን ያ ግድግዳ ሁለት ዓይነት ነጭ አለው፣ ያንኑ ሴራሚክ መርካቶ ሁሉ ዞሬ አጣሁት።

ማዘር ከኔ ቤት በሁለት ታክሲ ነው የሚርቁት። ሦስት ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌውን ኤሌክትሪሽያን ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ይቆጡኛል፣ ቀጥሎ ቡናው ይፈላል፣ ከዚያ ሶኬቱን እንፈታለን። አንተ ግን ለሴራሚክ ሠራተኛው ዛሬውኑ ደውልና ሰኞን ወደ ረቡዕ አዛውረው። የማዘርን ቤት ሽቦ ለዘረጋው ኤሌክትሪሽያንም የቀረውን ክፍያ እኔ እስክደውልልህ እንዳትልክ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።