ስለ ባንኩ መስታወት ለአራተኛ ጊዜ፣ አሁን ግን በአደባባይ

ለዋና ከተማው የባንክ ሕንፃዎች ደህንነት ኃላፊ

ሦስት ደብዳቤ አስገብተን የተሰጠን መልስ አንድ ነው፦ «በሩ ላይ ጥበቃው ተጠናክሯል»። የጻፍንልዎ ግን ፍንዳታ ቢደርስ ሰው ስለሚጎዳው የባንኩ መስታወት ነበር።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1996 የስሪ ላንካ አማፂዎች የሆኑት የታሚል ነብሮች ፈንጂ የጫነ የጭነት መኪና እየነዱ በስሪ ላንካ ኮሎምቦ ከተማ የማዕከላዊ ባንኩን በር ጥሰው ገቡ። ያን ዕለትም በሩ ላይ የታጠቀ ጥበቃ ነበር። 91 ሰዎች ሞቱ፤ 1,400 ያህል ቆሰሉ፤ አንድ መቶ ያህል ሰዎች የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። እንዲህ ባለ ፍንዳታ ከምንም በላይ ዓይን የሚያጠፋው የመስታወት ስብርባሪ መሆኑን መሥሪያ ቤትዎ ያውቃል።

መስታወቱ ላይ የለጠፋችሁትን ፊልም፣ ማለትም ስስ የፕላስቲክ ሽፋን፣ አይተነዋል። የፀሐይ መከላከያ ነው፤ ውፍረቱ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ለፍንዳታ ቢያንስ 100፣ ለሰፋፊው መስታወት ደግሞ 175 ማይክሮን ያስፈልጋል። የባሰው አቆራረጡ ነው። ጠርዙ ከፍሬሙ ጋር አልተያያዘም፤ በፊልሙና በመስታወቱ ዙሪያ ባለው የፍሬሙ ጎማ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ዙሪያውን ይታያል። እንዲህ የተለጠፈ ፊልም ራቅ ካለ ፍንዳታ ስብርባሪውን ይይዝ ይሆናል። ደጅ ላይ ከፈነዳ ግን መስታወቱ ከነፊልሙ ተነቅሎ እንደ ሳንቃ ወደ ውስጥ ይወረወራል። ካሸሮቹ ደግሞ የሚቀመጡት ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ነው! ፊልሙ በአራቱም ጎን በሲሊኮን ወይም በብረት መያዣ ከፍሬሙ ጋር መታሰር አለበት፤ ፍሬሙም ራሱ ግድግዳው ላይ በደንብ መታሰሩ ይታይ። በጀት ካለ የሚሻለው ላሚኔትድ መስታወት ነው፦ በሁለቱ ንጣፎች መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ፍሬሙ ውስጥ የጠለቀ።

የአደጋ ጊዜ መመሪያችሁ ከዚህም ይከፋል። ኦገስት 7 ቀን 1998 ናይሮቢ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ዒላማው የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር፤ ጎረቤቱ የኮኦፕሬቲቭ ባንክ ሕንፃ ነው። መጀመሪያ የእጅ ቦምብ ድምፅ ሲሰማ በአካባቢው ሕንፃዎች ያለው ሰው ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሄደ። ዋናው ፍንዳታ እዚያው መስኮቱ ሥር አገኘው። የእናንተ ወረቀት ይህን ሁሉ ረስቶ፣ ደወል ሲሰማ ሠራተኛው በዋናው በር ወጥቶ ከመስታወቱ ግድግዳ ፊት ለፊት እንዲሰበሰብ ያዛል።

ደጅ ላይ የተጠረጠረ መኪና ሲኖር ሰው ከመስኮት ርቆ ወደ ሕንፃው መሃል፣ የኮንክሪት ግድግዳ ወዳለበት የውስጥ ክፍል ይግባ፤ መውጣት ካለበትም በጀርባ በር ይውጣ። ፊልሙ ጨረታ ይፈልጋል፤ እንጠብቃለን። ይህን ወረቀት ለመለወጥ ግን የእርስዎ ፊርማ ብቻ ይበቃል፤ ዛሬውኑ ይፈርሙ።

የሕንፃ ደህንነት ባለሙያዎች